ሰኔ 30 ሳይደርስ

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ባልደረቦቼ እንጀራ የሚበሉት እዚያው ነው።

ሰኔ ሲጋመስ ግቢው ሌላ ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ይሄኔ የሚገዛው የሚያስፈልገው ሳይሆን ቶሎ የሚደርሰው ነው፦ ወንበር፣ ወረቀት፣ የፕሪንተር ቀለም። አንድ ምሽት ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ሲቆረጥ አይቻለሁ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌባ አልነበረም፤ ቀኑ ነው ያስፈረመው። የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ኃላፊዋ የጠየቀችው ሬኤጀንት፣ የሙከራ ኬሚካል፣ ግን የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ላይ እንዳለ ዓመቱ አለቀ፤ ገንዘቡም ተመለሰ።

ከዚያ የበጀት ስሚ ይመጣል። ገንዘብ ሚኒስቴር ፊት ስንቀርብ የምንፈራው ስለ አምናው አፈጻጸም መጠየቅን ነው። ገንዘብ የመለሰ ሰው ተጨማሪ ስጡኝ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ስለዚህ እንደሚቆረጥብን እያወቅን አብዝተን እንጠይቃለን፤ እነሱም እንዳበዛን እያወቁ ይቆርጣሉ።

ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ድርድር አላለም። አዋጅ ቁጥር 650/2001 ዩኒቨርሲቲዎች ጥቅል በጀት እንዲያገኙ ደንግጎ ነበር። እኛ ጋ የደረሰው ግን ያው በሒሳብ መደብ የተሸነሸነው ነው። የአንድ ተማሪ የምግብ በጀት ለረጅም ዓመታት በቀን 15 ብር ነበር፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ሽንኩርትና ዘይት ሲወደድ ደብዳቤ ጽፈን ከጥገና በጀት ላይ እናዛውር ነበር። የተማሪ ማደሪያው ቧንቧ ለምን ሳይጠገን እንደሚከርም ለጠየቁኝ ወላጆች ይህን ነግሬያቸው አላውቅም።

አሁን የራስ ገዝነት አዋጅ፣ ቁጥር 1294/2015፣ ወጥቷል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከልቤ እደግፋለሁ። ስጋቴ አንድ ነው፦ ራስህን አስተዳድር የተባለው ራስህን ቻል ተብሎ እንዳይተረጎም፤ ጉድለቱ የድሃ ልጅ ክፍያ ላይ እንዳይወድቅ። ነፃነቱ ከመንግሥት ገንዘብ ጋር ይምጣ። የላብራቶሪ ኃላፊዋ ለሬኤጀንቷ ራሷ ትፈርም፤ ያልደረሰ ግዥ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሐምሌ ይሻገር።

የኃላፊዋ የሬኤጀንት ግዥ መጠየቂያ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በየመስከረሙ መጥታ ቀኑን ብቻ ቀይራ ታስገባዋለች።