የዐሣማ ጠባይና የጋጣው ሁኔታ

ዐሣማ በተፈጥሮው ርኵሰትን የሚወድና ባልንጀራውን የሚነክስ እንስሳ ነው እየተባለ ከጥንት ዠምሮ ይነገራል። ይህም አነጋገር የሚሰማው አብዛኛው ሕዝብ ሥጋውን በማይበላበት በአገራችን ብቻ አይደለም፤ ሥጋው የዘወትር ምግብ በሆነበት በአውሮፓም የተለመደ ነው። ነገር ግን የእንስሳትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት፣ በነውር ከሚቈጠርበት ነገር ብዙው ከፍጥረቱ ሳይሆን ሰው ከሠራለት ቤት የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል።

አስቀድሞ የጭቃው ነገር ነው። ዐሣማ እንደ ሰውና እንደ ፈረስ በላብ ገላውን ሊያቀዘቅዝ ስለማይችል፣ ፀሓይ በጸናበት ጊዜ በጭቃ ይንከባለላል፤ እርጥበቱም ሙቀቱን ያበርድለታል። ጭቃ አጥቶ ጋጣው የሞቀና የጠበበ እንደ ሆነ ግን በገዛ ጕድፉ ላይ ይተኛል፤ የሚያየውም ሰው ይህ ጠባዩ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የተገኘው በስኮትላንድ፣ በኤዲንበርግ ነው። ስቶልባና ውድ ጉሽ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ ለእርድ ከሚረቡት ወገን የሆኑ ዐሣሞችን ዛፍ፣ ቍጥቋጦ፣ ወራጅ ውሃና ረግረግ ባለበት ሰፊ ቅጥር ውስጥ ለቀው አኗኗራቸውን ተከታተሉ፤ ያዩትንም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. አሳተሙ። እነዚህ እንስሳት ከቀኑ ብርሃን እኵሌታ የሚበልጠውን ጊዜ ምድርን በአፍንጫቸው በመማስና ሣር በመጋጥ አሳለፉት። መኝታቸውን በኅብረት አበጁ፤ ጕድፋቸውንም የሚጥሉት ከመኝታቸው ርቀው ነበር። መውለጃዋ የቀረበ እናትም ከመንጋው ተለይታ ሄዳ፣ ጕድጓድ ምሳ፣ ሣርና ጭራሮ ሰብስባ መውለጃዋን ትሠራ ነበር።

ይኸው እንስሳ በብረት ጋጣ ሲዘጋበት ሌላ ፍጥረት ይመስላል። ክብደቷ ከ200 ኪሎ ግራም የሚበልጥ እናት ዐሣማ፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል በሆነ ስፍራ ገብታ፣ 115 ቀን ያህል የሚሆነውን የእርግዝናዋን ወራት መዞር ሳትችል ታሳልፋለች። የምትምሰው ምድር ስለሌላት ብረቱን ታኝካለች፤ በአፏም ምንም ሳይኖር ታላምጣለች። ግልገሎቹም ገለባ በሌለው ወለል ላይ ተጨናንቀው ሲያድጉ አንዱ የሌላውን ጅራት መንከስ ይዠምራል፤ ደም ከታየ በኋላ ሌሎቹ ይከተሉታል። የአየሩ መክፋት፣ የምግብ ጕድለትና በሽታም ነገሩን ያብሱታል፤ ገለባ የተሰጣቸው ግን እጅግ ያነሰ ይናከሳሉ።

አርቢዎች ምክንያት አላጡም። እናቶቹ በአንድነት ሲኖሩ በምግብ ይጣላሉ፤ በወለዱም ጊዜ ብረቱ ግልገሎቻቸውን እንዳይጨፈልቁ ያግዳቸዋል ይላሉ። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ጠቡን ስፍራ በማስፋትና ለየብቻ በማብላት ማሳነስ እየተቻለ፣ እንስሳውን ወራት ሙሉ ማሰር ከመጠን ያለፈ ነው። መንግሥታትም ይህን ተመልክተው ደንብ አወጡ። ስዊድን በ1988 ዓ.ም. ሕግ ደነገገች፤ እንግሊዝ የእርግዝናውን ጋጣ ከ1999 ዓ.ም. ዠምሮ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከእርግዝናው የመጀመሪያ አራት ሳምንታትና ከመውለጃው የመጨረሻ ሳምንት በቀር፣ እናቶቹ በኅብረት እንዲኖሩ አዘዘ።

ያልተፈታው የጅራቱ ነገር ነው። የኅብረቱ ደንብ የግልገሎችን ጅራት በዘልማድ መቍረጥን ቢከለክልም፣ በስዊድንና በፊንላንድ ካልሆነ በቀር በብዙው አገር ዛሬም ይቈረጣል። ምክንያቱም ከወለሉ ይዠምራል። ብዙዎቹ ጋጣዎች ጕድፉ ወደ ታች እንዲወርድ ስንጥቅ ባለው ወለል የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ገለባ ቢነጠፍባቸው መውረጃው ይደፈናል። ገለባ ለመስጠት ወለሉን አፍርሶ እንደ ገና መሥራት ያሻል፤ ለባለቤቱም ከዚህ ይልቅ ቢላዋው ይረክስለታል።