ቱነር፦ ሬዲዮንና ሽቦን የሚያስታርቀው ሣጥን

አዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ 20 ሜትር የአንቴና ሽቦ ቀጥ አድርጎ የሚዘረጋበት ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ብዙዎቻችን ያለን ጠባብ ግቢ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ነው። ታዲያ እዚህ ሆኖ አማተር ሬዲዮ መሥራት ይቻላል? ይቻላል። ሽቦው ሲጠማዘዝና ቆርቆሮ ላይ ሲያልፍ ጠባዩ ስለሚለወጥ ግን ቱነር ያስፈልግዎታል።

አማተር ሬዲዮ ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለመማርና ለመገናኘት የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው፤ የዓለም አማተሮች የሚያውቁት «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚለው መጠሪያው ነው።

ፈቃድ ያስፈልጋል? ለማሰራጨት፣ አዎ። ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ቱነር ምን ይሠራል? ሬዲዮዎ ከፊቱ 50 ኦም ይጠብቃል። ኦም የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገጥመው እንቅፋት መለኪያ ነው። ከአንድ ጫፉ የሚገናኝ የ20 ሜትር ሽቦ ግን በ7 ሜጋኸርዝ 2,500 ኦም ገደማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲራራቁ ከላኩት ኃይል ከ100 እጅ 92ቱ ተመልሶ ወደ ሬዲዮው ይመጣል። ቱነር እንደ ሽማግሌ መሐል ይገባል። የሽቦውን ጠባይ አይለውጥም፤ ሬዲዮው ግን 50 ኦም ያገኘ ይመስለዋል።

ውስጡ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የሽቦ ጥቅልና ተለዋዋጭ ካፓሲተር። ካፓሲተሩ በድሮ ትልቅ ሬዲዮ ላይ ጣቢያ ስንፈልግ የምናዞረው፣ ሳህኖቹ እርስ በርስ የሚገቡት ዕቃ ነው።

ጥቅሉን ለመሥራት 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ላይ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የቤት መብራት ሽቦ 16 ዙር አጠጋግተው ይጠምጥሙ። 3 ሜትር ይበቃል። ከ8ኛው ዙር ጀምሮ በየዙሩ ጥፍር የምታክል ልጣጭ በምላጭ ያንሱ። የተላጡት ቦታዎች እንዳይነካኩ አንዱን ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ ያድርጉት።

ግንኙነቱ እንዲህ ነው። ከሬዲዮው የሚመጣው ገመድ መሐለኛ ሽቦ ጫፉ ላይ ክሊፕ ይደረግበትና ከተላጡት ዙሮች አንዱን ይቆነጥጣል። የጥቅሉ የመጀመሪያ ጫፍ ከአንቴናው ሽቦ ጋር ይያያዛል። ካፓሲተሩ በአንድ ወገን ከዚያው ከአንቴናው ጫፍ፣ በሌላ ወገን ከገመዱ የውጭ መረብ ጋር ይገናኛል። ከመረቡ 3 ሜትር ተጨማሪ ሽቦ መሬት ላይ ይዘርጉ።

ከአንቴናው ወገን ሲቆጠር ለ7 ሜጋኸርዝ 14ኛው ዙር አካባቢ ይሞክሩ። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩና 10 ሜትር ብቻ ያለዎት ከሆነ 14 ሜጋኸርዝን ይምረጡ፤ ለእሱ 8 ወይም 9 ዙር ይበቃል።

እንዴት ይስተካከላል? መጀመሪያ እየሰሙ ካፓሲተሩን ያዙሩ፤ ጫጫታው በጣም የሚጎላበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ከዚያ በትንሽ ኃይል ልከው ተመላሹን ኃይል የሚያሳየው መለኪያ (ሜትር) ወደ ታች እስኪወርድ ያስተካክሉ። ካልወረደ ክሊፑን አንድ ዙር ያዛውሩ። ክሊፑን ሲያዛውሩ ግን መላክ ያቁሙ፤ በ10 ዋት እንኳ አንቴናው ጫፍ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይደርሳል። በ100 ዋት 700 ይሆናል፤ የድሮው ሬዲዮ ካፓሲተርም ብልጭ ማለት ይጀምራል።

ስንት ያወጣል? ቱቦው ከቧንቧ ሥራ የተረፈ ቁራጭ፣ የጥቅሉ ሽቦ 3 ሜትር፣ ሣጥኑ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ውዱ ካፓሲተሩ ነው። አዲስ ከመፈለግዎ በፊት ቁራሌውን ይጠይቁ፤ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደው ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥ ይፈልጉ። ሲገዙ ያዙሩት፤ ሳህኖቹ ከተፋተጉ ይተዉት። ሜትሩን ከጓደኛ ይዋሱ፤ አንዴ ካስተካከሉ በኋላ ቦታዎቹን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉባቸው።

ሁለት ነገር አደራ። ሽቦውን ከመብራት ኃይል ገመድ በላይም በታችም አያሳልፉ። ክረምት ላይ ሰማዩ ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሽቦውን ነቅለው ከቤት ውጭ ያድርጉት፤ ቱነር ከመብረቅ አያድንም።