«ተፎካካሪህን ካላጠፋኸው ያጠፋሃል» ለሚሉን

በየሥልጠና አዳራሹ ሞቅ ያለ ጭብጨባ የሚያገኘው አባባል ይህ ነው። ተናጋሪው አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ምክሩን ይዞ ሱቅ የሚከፍተው ወጣት ግን ዋጋውን ይከፍላል። ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት የእንጨት ሥራ ማኅበራት አውቃለሁ። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ወንበር ለማሠራት ጨረታ አወጣ፤ ብዛቱ ለአንዳቸውም ብቻቸውን የሚቻል አልነበረም። «ተካፍለን እንሥራው» ያለ ሰው ነበር። «ባላንጣዬን በእጄ ላጉርስ?» ተባለና ቀረ። ሥራውን ወንበር ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ወሰደው።

እርግጥ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ደንበኛ የሚነጥቅ፣ ሠራተኛ የሚያስኮበልል፣ ዲዛይን የሚቀዳ ጎረቤት ሞልቷል። መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ጎረቤትን ሁሉ በጠላት ዓይን ማየት ግን ራስን ያከስራል።

መርካቶ የሚውል ሰው ይህን አይስተውም። ገዢ የጠየቀው ዕቃ ሲያልቅ ባለሱቁ «የለም» ብሎ አይሸኝም። «አንዴ ይቀመጡ» ይልና ልጁን ጎረቤት ሱቅ ይልካል። ዕቃው መጥቶ ይሸጣል፤ ትርፉን ለራሱ ይዞ የጎረቤቱን ሒሳብ ማታ ይዘጋል። በማግስቱ ደግሞ የጎረቤቱ ልጅ ወደ እሱ ይሮጣል። ደንበኛ ሲመጣ ግን ያው ይሻማሉ።

ባንኮችስ? ድሮ የአንዱ ባንክ ካርድ በአብዛኛው ሌላው ባንክ ኤቲኤም ላይ አይሠራም ነበር። ማሽን ተደርድሮ እያየን የራሳችንን ባንክ ፍለጋ እንንከራተት ነበር። ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ማሽኖቹ ተያያዙ። ፉክክሩስ ቀረ? የቅርንጫፍ ሠራተኞች ዛሬም ተቀማጭ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ።

«መተባበር የትናንሾች ነው» ለሚል፣ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ውስጥ በአንድ ፋብሪካ መኪና ሠርተዋል። «ተመሳሳይ ሱቅ አጠገብህ ከተከፈተ አለቀልህ» ለሚል ደግሞ፣ ገዢ ሸማ ተራ የሚሄደው ሻጩ ብዙ ስለሆነ ነው።

የት ድረስ መተባበር እንደሚያዋጣ እንደየሥራው ይለያያል። ማሽንና መኪና መጋራት የደንበኛ ስም ዝርዝር ከመጋራት የተሻለ ጅምር ይመስለኛል። «ከተባበርንማ ዋጋውንም አብረን እንስቀለው» የሚል አይጠፋም፤ እዚያ ላይ ተነሥታችሁ ውጡ። ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል።