እንቁራሪት በቆዳዋ፣ እኛ በኩላሊታችን



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ ከጂንካ ወደ ቆላው ወርደን ከኦሞ ወንዝ ዳር ያለችውን የካሮዎች መንደር ኮልቾን ስናስብ ቀድሞ የሚታወሰን ሙቀቱ ነው። በእንዲህ ያለ ቆላ እንቁራሪት ውሃና ጨዋን እንዴት ትጠብቃለች?

እንቁራሪት ውሃ የምታገኘው በአፏ ጠጥታ ሳይሆን በቆዳዋ መጥጣ ነው። የወንዝ ውሃ ግን ጨው ስለሚያንሰው የሰውነቷ ጨው ወደ ውጭ ያመልጣል። ስለዚህ የቆዳዋ ሴሎች ሶዲየምን ከውሃው እየለቀሙ ወደ ደሟ ያስገባሉ። ዴንማርካዊው ሃንስ ኡሲንግ ከባልደረባው ዜራን ጋር በ1951 እ.ኤ.አ. የእንቁራሪት ቆዳ በሁለት የጨው ውሃዎች መካከል ወጥሮ ይህን በኤሌክትሪክ ለካ።

ሥራውን የሚያዙት ሆርሞኖች ናቸው። አልዶስቴሮን የሶዲየም መግቢያ በሮችን ያበዛል፤ ቫሶቶሲን ደግሞ ውሃ በቶሎ እንዲገባ ያደርጋል።

በእኛ ኩላሊትም አልዶስቴሮን ጨውን፣ የቫሶቶሲን ዘመድ የሆነው ቫሶፕሬሲን ውሃን ያስቀራሉ። ስንፆም ከሰዓት በኋላ ሽንታችን የሚያንሰውና ቀለሙ የሚደምቀው ለዚህ ነው። ሆኖም ኩላሊት ያለውን ይቆጥባል እንጂ በላብ የወጣውን አይተካም። ስለዚህ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃውን ከፋፍለን እንጠጣ።