ሆል ኧርዝ ካታሎግ

ሆል ኧርዝ ካታሎግ ስቱዋርት ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1968 በካሊፎርኒያ ማሳተም የጀመረው የመሣሪያና የመጻሕፍት መጠቆሚያ ነው። በዋናነት የታሰበው የከተማ ኑሮ አስጠልቷቸው ወደ ገጠር ለወጡ፣ ቤታቸውን ራሳቸው ሠርተው የሚበሉትንም ራሳቸው ዘርተው ለማደር ለቆረጡ ወጣቶች ነበር። በሽፋኑ ላይ ከሳተላይት የተነሣ የመሬት ፎቶግራፍ ይታያል፤ ብራንድ ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መላዋን መሬት የሚያሳይ ፎቶ እስካሁን ለምን አላየንም ብሎ የሚጠይቅ ባጅ እየዞረ ይሸጥ ነበር።

ስሙን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ሱቅ ያደርጉታል። ካታሎጉ ግን ዕቃ አያስረክብም ነበር። ከጎኑ አነስተኛ መደብር ቢኖረውም፣ የገጾቹ ሥራ ዕቃው ለምን እንደሚውል፣ ስንት እንደሚያወጣና በፖስታ ከማን እንደሚታዘዝ መንገር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ገዢው ከአምራቹ ጋር በቀጥታ ይጻጻፍ ነበር። አምራች ለመወደስ አይከፍልም ነበር። ከአስተያየቶቹም ብዙዎቹን የጻፉት አንባቢዎች ናቸው። ወደ ገጹ የሚገባው ዕቃ የሚጠቅም፣ ጥራት ያለው ወይም ርካሽ፣ በፖስታ በቀላሉ የሚገኝ፣ ደግሞም ሰው ሁሉ አስቀድሞ የማያውቀው መሆን ነበረበት።

ይህ የመጨረሻው መመዘኛ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በሀብሩ ወረዳ መርሳ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ካታሎግ ቢዘጋጅ ማረሻ አይገባበትም፤ የአካባቢው ገበሬ ማረሻን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ግን ይገባል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ስድስት ቁራጭ ያለው የእንጀራ ምድጃ ነው፤ አራቱ ገጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያሳልፋሉ፣ ድስትም ይጣድባቸዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ሐቀኛ ገጽ ጉድለቱንም ይጽፋል፦ ከባድ ነው፣ ከቦታ ቦታ ሲያንከራትቱትም ይሰበራል። መጋጠሚያውን በጭቃ ሳይመርጉ «ማገዶ ይበላል» እያሉ ምድጃውን የሚያሙ ግን ማማት ያለባቸው እጃቸውን ነው። የወልድያዋ እማወራ ከዚህ ሁሉ አስቀድማ የምትፈልገው አንድ መስመር ነው፦ የት ይሠራል፣ ዋጋውስ ስንት ነው? የካሊፎርኒያው መጽሐፍ ገጽ በገጽ የሚመልሰው ይህንኑ ነበር።

በ1971 «የመጨረሻው» ተብሎ የወጣው እትም ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ በ1972 ናሽናል ቡክ አዋርድ አገኘ። ብራንድ የሥራውን ማብቃት ለማክበር በሳን ፍራንሲስኮ ድግስ ጠርቶ 20,000 ዶላር ለታዳሚው በጥሬ ገንዘብ አቀረበ፤ ምን ይደረግበት በሚለው ሲከራከሩ አነጉ። ካታሎጉ ይህን ያህል ስንብት ቢደረግለትም እስከ 1998 ድረስ አልፎ አልፎ ታትሟል።