ገመድ፤ አበባና ድንጋይ

በየቤታችን የቆየ አንድ ልማድ አለ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወይም ቤቱ ዓይኑ እያየ የተቃጠለበት ሰው የደረሰበትን ሊናገር አፉን ሲከፍት፤ ቤተ ሰቡ ተሽቀዳድሞ «ተወው፤ ያለፈውን አታንሣው» ይለዋል። ቃሉ ከርኅራኄ የመጣ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሌሊት በቅዠት የሚጮኽ፤ በር ሲንኳኳ የሚደነብር፤ ክፉ ነገር ያገኘበትን መንገድ ላለማየት ዙሪያውን የሚሄድ ሰው፤ እርሱ ነገሩን ቢተወው እንኳ ነገሩ እርሱን አልተወውም።

ይህ ሕመም በመሸሽ ሥር እንደሚሰድ ሐኪሞች ካስተዋሉ ቆይተዋል። ከትዝታው የሸሸ ሰው ለጊዜው ያርፋል፤ ትዝታው ግን ያለፈ ነገር መሆኑ ቀርቶ ዛሬ እንደሚፈጸም ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ኤድና ፎአ ባዘጋጁት ሕክምና፤ ታማሚው የደረሰበትን አሁን እንደሚሆን አድርጎ ደጋግሞ ይናገራል፤ ድምፁም ተቀርጾ በቤቱ ያደምጠዋል።

ለእኛ ቀረብ ያለው ግን በጀርመን አገር የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ያወጡት መንገድ ነው። አማካሪው በወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል። የገመዱ መነሻ ልደት ነው። ታማሚው የደስታውን ዘመን በአበባ፤ የመከራውን ዘመን በድንጋይ እያመለከተ እስከ ዛሬ ይደርሳል፤ ያልተኖረው ዘመን ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በሚቀጥሉት ቀጠሮዎች ሕይወቱን በተራ ይተርካል። ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ አማካሪው አያስቸኵለውም፤ ምን እንዳየ፤ ምን እንደ ሰማ፤ ምን እንደ ሸተተው፤ አሁንም ሰውነቱ ምን እንደሚሰማው ይጠይቀዋል። የተነገረው ይጻፋል፤ በሌላው ቀን ተነቦለት ይታረማል፤ በመጨረሻም ጽሑፉ በእጁ ይሰጠዋል።

በ2004 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት በኡጋንዳ የሰፈሩ 43 የሱዳን ስደተኞች ተመርምረዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህ ዓይነት አራት ጊዜ ከተረኩት መካከል ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ሲሆኑ፤ ተራ ምክር ከተሰጣቸው ግን 79 በመቶ ነበሩ። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ነገሩ የተፈጸመው በባለጸጋ አገር ሆስፒታል ሳይሆን በስደተኞች ሰፈር መሆኑን ልብ ይሏል።

ሕክምናው ቀላል ነው ብለን አንባቢን አናታልልም። የቀጠሮው ዋዜማ እንቅልፍ ይነሣል፤ በመጀመሪያው ትረካ ልብ ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በውትድርና ባገለገሉ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፤ የፎአን ሕክምና ከጀመሩት 38 በመቶው አቋርጠውታል፤ ሌላ ዓይነት ምክር ከጀመሩት ያቋረጡት ግን 21 በመቶ ነበሩ። ጸንተው የጨረሱ ብዙዎች የሚናገሩት ይህን ነው፤ ታሪኩ በተደጋገመ ቍጥር ፍርሃቱ እየቀለለ፤ የተረሳውም እየታወሰ ይመጣል። «ለምን አልጮኽኩም?» እያለች ዘመኗን ሁሉ ራሷን የከሰሰች ሴት፤ በጕሮሮዋ ላይ ቢላዋ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ታስታውሳለች።

እዚህ ላይ ለክርስቲያን ቤት ተለይቶ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ንስሐ የሚገባው ስለ ሠሩት ኃጢአት ነው፤ በሰው ላይ የተሠራ ግፍ ግን የተበዳዩ ኃጢአት አይደለም። ሁለቱን ቀላቅላ ለንስሐ አባቷ የምትናዘዝ ሴት ብትኖር፤ አስተዋይ ካህን ለይቶ ያሳያታል፤ ወደ ሐኪምም እንድትሄድ ይመክራታል። ሐኪሙም የካህኑን ሥራ አይወስድም።

ቤተ ሰብ ደግሞ በቡና ላይ ተሰብስቦ «እስቲ ሁሉንም ንገረን» ማለት የለበትም፤ ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነውና። የእኛ ድርሻ እስከ በሩ መሸኘት፤ ሲመለስም ዝም ቢል ዝምታውን መታገሥ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ «ባሰበት» ብለን ቀጠሮውን አለማስቀረት ነው። በዚያች ማታ እራት ቀደም ብሎ ይቅረብለት፤ መብራቱም እርሱ እስኪተኛ ድረስ አይጥፋ።