ምጣድ፣ ቴፍሎንና ደም

እዚህ አትላንታ የማውቃቸው አንዲት እናት ለኩላሊት እጥበት ክንዳቸው ውስጥ የተቀበረላቸው የቴፍሎን ቱቦ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተደፈነባቸው። «ልጄ፣ የኔ ቴፍሎን ምጣድ እንጀራ አይዝም። ታዲያ ደሜን ምን አጣበቀው?» አሉኝ። ሥራዬ ፕላስቲክ ነውና መልስ ዕዳ ሆነብኝ።

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ቴፍሎን ውኃ ይሸሻል። የደም ፕሮቲኖችም ውኃ የሚሸሽ ጎን ስላላቸው በሴኮንዶች ውስጥ በዚያው ጎናቸው ይለጠፉበታል። ከነሱ አንዱ ፋይብሪኖጅን ነው፤ ስንቆስል ደማችን እንዲረጋ የሚያደርገው። እሱ ሲለጠፍ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ቅንጣቶች ቁስል ያገኙ መስሏቸው ይሰበሰባሉ። ሰውነት የሚያየው ፕላስቲኩን ሳይሆን ላዩ ላይ የተነጠፈውን ፕሮቲን ነው ማለት ይቻላል። (ቱቦው ከደም ሥሩ ጋር የተሰፋበት ቦታ ሥጋ እያበቀለ መጥበቡ ሌላው ትልቅ ጣጣ ነው፤ ሽፋን ብቻውን አይፈታውም።)

እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያስሱት፣ እኛም ላዩን መቀየር እንሞክራለን። አንዱ መንገድ ውኃ ያዘለ ሽፋን ማልበስ ነው፤ ፕሮቲኑ ውኃውን አልፎ የሚለጠፍበት ያጣል። እዚሁ ጆርጂያ ቴክ የአንድሬስ ጋርሲያና የአንድሩ ላየን ቡድኖች ፒ.ኢ.ቲ.ን (የ«ሃይላንድ» ጠርሙስ ፕላስቲክ ማለት ነው) በደቃቅ የጄል ቅንጣቶች ሸፍነው አይጥ ውስጥ ለ48 ሰዓት ቀበሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የተጣበቁበት ነጭ የደም ሴሎች ካልተሸፈነው ያነሱ ነበሩ። አይጥና 48 ሰዓት ግን ሰውና 5 ዓመት አይደሉም።

ሁለተኛው መንገድ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን ፕላስቲኩ ላይ ማሰር ነው። እነ ቪንሰንት ጎት እ.ኤ.አ. በ1963 በግራፋይት ላይ አሳይተውታል፤ ዛሬ እንዲህ የተሸፈኑ ቱቦዎች ይሸጣሉ። ለእኚህ እናትም ሐኪማቸው ይህንኑ አቅርቦላቸዋል። ሄፓሪን በብዛት የሚወጣው ከአሳማ አንጀት መሆኑን ግን የነገራቸው የለም። እሳቸው ደግሞ የአሳማ ነገር በደጃቸው አያልፍም። መናገር ነበረብኝ፤ ነገርኳቸው።

ዝም አሉ። ቆይተው «በእጥበቱ ጊዜ የሚሰጡኝስ መድኃኒት?» አሉኝ።

«እሱም ሄፓሪን ነው፣ እማማ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ!» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው፤ ለማስተርጎም አብሬያቸው እሄዳለሁ።